ከፈረሱ እግር ሥር የተሣለችው እህቴ

ጎሮ ውስጥ በመሠራት ላይ ላለ ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ጊዮርጊስን መስኮት እንድነድፍ ያዘዘኝ የእህቴ ባል ነው። መስኮቱ ባለቀለም መስታወት ስለሆነ መጀመሪያ ወረቀት ላይ በውሃ ቀለም ይሠራል፤ መስታወቱ የሚቆረጠው ኮሚቴው አይቶ ሲፈቅድ ነው። ወጪውን የቻለው እሱ ነበር። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሴራሚክ ሱቅ አለው፤ ሰው ፊት ሲያወራ ከአፉ ማር ጠብ ይላል። ቤቱ ሲገባ ግን እህቴን ይደበድባታል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» እያሉ የሚስቁም አሉ። ያንን ተረት መጀመሪያ የተረተውን ሰው ባገኘው በገዛ ዱላው ጥርሱን አረግፍለት ነበር።

በድሮው ልማድ ሥዕል ያሠራ ሰው ከነሚስቱ ከቅዱሱ እግር ሥር ሆኖ ሲማጸን ይሣላል። እሱም ይህንኑ ፈለገ። የራሱን ፎቶ ላከልኝ፤ እህቴን ግን «ሂጂና ፊቷ ተቀመጪ፣ በደንብ ትሣልሽ» ብሎ ላካት። መጣች። ነጠላዋን እስከ ጉንጯ ስባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች።

«ዙሪ እንጂ» አልኳት።

«በጎን ሣይኝ፣ ምን አለበት?»

በጎን አይሆንም። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣለው፤ በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ሰይጣንና ከሃዲ ነው። እሷም ይህን ታውቃለች። ነጠላውን ገፈፈችው። ግራ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። ዙሪያው ጠቁሯል፤ ቅንድቧም ተተርትሯል።

«እንግዲያው ደህናውን ዓይኔን ሁለቴ ሣይዋ!» አለች። ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ ከንፈሯ ስለተሰነጠቀ አቃሰተች።

ደሜ ፈላ። ያየሁትን ሁሉ ሣልኩ፤ ወይን ጠጁን፣ ቢጫውን፣ የተጣበቀውን ሽፋሽፍት። ስጨርስ አጠገቤ መጥታ አየችው። «እንዲህ ይሁን» አለች፤ «አትንኪው።»

ከሰዓት በኋላ ባሏ ሊወስዳት መጣ። መጀመሪያ ፈረሱን አየ፣ ዘንዶውን አየ፣ ደስ አለው። ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወረደ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሚስትህ ናት» አልኩት። ሁልጊዜ ጋሼ ነበር የምለው።

በጥፊ ሲለኝ ጆሮዬ ጮኸ። ከዚያ እኔን ትቶ የእህቴን ፀጉር በጭብጡ ጠቅልሎ ወደ በሩ ጎተታት። ግንባሯ ከመቃኑ ጋር ሲላተም ሰማሁት። ወረቀቱ የተለጠፈበትን የእንጨት ሰሌዳ ከነሥዕሉ አነሣሁና በጠርዙ ማጅራቱን አልኩት። በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ፀጉሯን ግን አልለቀቀም። ደገምኩት። ዞር ብሎ ሆዴን ሲረግጠኝ በሦስተኛው አፍንጫውን ሰበርኩት። ደሙ ነጩ ፈረስ ላይ ተረጨ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ፤ እህቴ ወገቤን ይዛ ባታስቀረኝ ኖሮ እገድለው ነበር። እሱ «አሳስራችኋለሁ!» እያለ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ወጣ። ጭብጡ ውስጥ የእህቴ ፀጉር ነበር።

በሳምንቱ ከኮሚቴው ሁለት ሽማግሌዎችና እህቴን ያጋቧት ቄስ እሷ ወደተጠለለችበት ወደ እኔ ቤት መጡ። ነገሩን ያነሡት ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው። ሰውየው ይቅርታ አድርጓል፤ እሷ ወደ ቤቷ ትመለስ፣ ሥዕሉ እንደገና ይሠራ፣ የቤተ ክርስቲያኑም ሥራ አይስተጓጎል። እኔ አፌን ልከፍት ስል እህቴ በዓይኗ ከለከለችኝ። ተነሥታ የቄሱን መስቀል ተሳለመች፤ ከዚያ ሻሿን ፈትታ ፊታቸው ጎንበስ አለች። አናቷ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ፀጉር የለውም፤ ቆዳው ተልጦ ቁስሉ ገና እርጥብ ነው።

«አባቴ፣ አክሊሉን የደፉልኝ እርስዎ ነዎት» አለች። «እዚህ ላይ ነው የደፉልኝ። ይዩትና ተመለሺ ካሉኝ አሁኑኑ እመለሳለሁ።»

ቄሱ ቁስሉ ላይ አፈጠጡ። ያው ሽማግሌ «ቢሆንም እኮ…» ብለው ሲጀምሩ፣ ቄሱ «ዝም በል!» ብለው ጮኹባቸው።  ሊባርኳት መስቀሉን ወደ አናቷ ዘረጉት፤ የሚያሳርፉበት ጠፋቸውና መልሰው ሰበሰቡት።

«አትመለሺ» አሉ።

እህቴ አሁን ከእኔ ጋር ናት። የቤተ ክርስቲያኑ መስኮት እስከ ዛሬ በቆርቆሮ ተከድኗል፤ ይከደን።