የጎመኔ ሌባ

የጎመኔ ሌባ ዛሬ ጠዋት ራሳቸው በሬን አንኳኩ። አዎ፣ አንቱ የሚባሉ ሌባ።

የካ አባዶ፣ ከብሎካችን ጀርባ ጎመን ተክያለሁ። ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ሲያስቸግረኝ ትናንት በነዋሪዎች ቴሌግራም ግሩፕ «ሌባው ይፈር!!!» ብዬ ለጠፍኩ። ከነሦስት ቃለ አጋኖው።

የለጠፍኩትን ሰምተው የመጡት አራተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ለተብርሃን ናቸው። ልጃቸው ጋር ሊኖሩ ከገጠር መጥተው፣ የሚነኩት አፈር ያጡ።

«ልጄ፣ ያረጀውን ቅጠል ነው ያነሳሁት። ካልተነሳለት አያድግም። እዚያው ሥሩ ቀብሬዋለሁ።»

አብረን ወረድን፤ ሥሩን ጫር ጫር አደረግኩ። እውነታቸውን ነው።

የለጠፍኩትን አጠፋሁና «በሉ እማማ፣ ያሳዩኝ» አልኳቸው።

እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው ቆሙ። «አንቺ ንኪው፤ እኔ እነግርሻለሁ» አሉኝ።

እናንተስ በችኮላ ያሳፈራችሁት ሰው አለ? እንዴት እንደካሳችሁት ንገሩኝ እስቲ።