ከማንኩሳ የመጡት ጥንዶች

የብሪጅ ካርታ ጨዋታ ውድድር ለማዘጋጀት የተነሳሁት መንገዱ በተከፈተ ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት ለወራት ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ቡሬ መድረስ ጭንቅ ነበር። መኪናው አንድ ቀን ይሄዳል፣ አንድ ሳምንት ይቆማል፤ ስልኩም እንደዚያው። የካርታ ጓደኛሞቹ በየከተማችን ተዘግተን ከረምን።

ብሪጅን ያስተማረን፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን፣ ከሕንድ የመጣ የሒሳብ መምህር ነው። እሱ አገሩ ገባ፤ ጨዋታው እኛ ዘንድ ቀረ። አድገን አስተማሪ፣ ነርስ፣ ቀያሽ፣ ሹፌር ሆነን በየወረዳው ስንበተን ካርታችንንም ይዘን ተበተንን። እኔም እንደሱ ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ።

ጨዋታው አራት ሰው ይፈልጋል። ፊት ለፊት የሚቀመጡት ሁለቱ ጥንድ ናቸው። መጀመሪያ ስንት ዙር እንደሚያሸንፉ በቃል ይጫረታሉ። ጨረታውን ከወሰደው ጥንድ አንደኛው ብቻ ይጫወታል፤ ጓደኛው ካርታውን በሙሉ ገልጦ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋና አፉን ይዘጋል። ይህን ሰው እኛ «ዱዳ» እንለዋለን። ቡድን ከቡድን ሲጋጠም ደግሞ ከየቡድኑ ሁለት ጥንድ፣ ሁለት ክፍልም ያስፈልጋል። በአንዱ ክፍል የተጫወቱበት ካርታ፣ እንደታደለ፣ ሳይበወዝ በሌላኛው ክፍል ቡድኖቹ ወገን ተለዋውጠው ደግመው ይጫወቱበታል። ስለዚህ የተሸነፈ ሰው በዕድሉ ማሳበብ አይችልም። ካርታው ሳይቀላቀል ከክፍል ክፍል እንዲሄድ አናጢ ዘንድ ሄጄ ባለ አራት ኪስ የእንጨት ሰሌዳዎች አሠራሁ።

አራት ቡድን አሰብኩ፦ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ገበዝ ማርያም እና ማንኩሳ። ጥሎ ማለፍ ነው፤ የተሸነፈ ወደ ቤቱ፣ ያሸነፈ ለሚቀጥለው እሑድ። የሦስቱ ቡድኖች ነገር ቶሎ አለቀ። ያስጨነቀኝ የማንኩሳው ነው።

የማንኩሳ ቡድን ሌላ ጥንድ ቢኖረውም፣ ባልና ሚስቱ ማለት ነበር። እሳቸው ጡረታ የወጡ ቀያሽ፣ እሷ ደግሞ አገሩ ሁሉ የሚያውቃት አዋላጅ ነርስ። «እሷ» ማለቴ እዚህ ወረቀት ላይ ነው፤ ፊት ለፊት እትዬ ነው የምላቸው፣ እንደዚያው ልቀጥል። ባልና ሚስት ለብሪጅ አይሆኑም፣ ይጣላሉ ይባላል። እነዚህ ግን አንድም ቀን ድምፅ ከፍ አድርገው አያውቁም። ባልየው ግራኝ ነበሩ። ካርታ ከመወርወራቸው በፊት በግራ እጃቸው ጠርዙን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው መታ መታ ያደርጉታል። ሚስታቸው ዱዳ ሆነው ካርታቸውን ሲዘረጉ፣ የጨዋታው ወግ «አመሰግናለሁ» ማለት ነው። ባልየው ግን ሁልጊዜ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደግ አረግሽ አንች» ነበር የሚሉት። ሚስትየዋም በጎጃም ወግ ባላቸውን በአንቱታ፦ «እሽ፣ ይጫወቱ እንግዲህ።» ይህን ከሁለቱ ጋር ጠረጴዛ ከተጋራነው ከጥቂቶቻችን በቀር የሚያውቀው የለም።

መንገዱ ተዘግቶ ሳለ ሰውየው አረፉ። መርዶው እኛ ጋ የደረሰው ከሳምንታት በኋላ ነው። ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ቅርብ ነው፤ ሆኖም ከመካከላችን አንድም ሰው አልቀበራቸውም።

ስለዚህ ማንኩሳን ከውድድሩ ለማውጣት አስቤ ነበር። በገበያ ቀን እትዬ ከል እንደለበሱ ቤቴ መጡ።

«ማንኩሳ ይጫወታል» አሉኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ ከማን ጋር ይሆናሉ?»

«እሱን አንች ፈልጊልኝ። አዘጋጇ አንች አይደለሽ?»

ያገኘሁላቸው በዞኑ እርሻ መሥሪያ ቤት አዲስ የተመደበ የዘር ባለሙያ ነው። የደሴ ልጅ ነው፤ ብሪጅ የተማረው በስልኩ ነው። ማንኩሳን ከመኪና መስኮት በቀር አያውቃትም። ሟቹን ደግሞ ስማቸውንም አልሰማም፤ እኔም የነገርኩት ነገር የለም። አንድ ቀን አብረው ተለማመዱ። ልጁ በቀኝ እጁ፣ እየፈራ፣ «እማማ፣ ይቅርታዎን» እያለ ነበር የተጫወተው። «ጨዋ ነው፣ ይበቃኛል» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በመምህራን ክበብ ተሰበሰብን። አንዱ ጠረጴዛ አዳራሹ ውስጥ፣ ሌላው ከኋላ የተሰበሩ ወንበሮች በሚቀመጡበት መጋዘን ነበር። ማንኩሳ ከቡሬ ተጋጠመ። እትዬና ልጁ መጋዘኑ፣ የማንኩሳ ሌላው ጥንድ አዳራሹ ደረሳቸው። መጋዘኑ ውስጥ ከገጠሟቸው ከቡሬ ሁለቱ አንደኛው የድሮ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሟቹን ከወጣትነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል።

እኔ ሰሌዳዎቹን አቅፌ ከአዳራሹ ወደ መጋዘኑ፣ ከመጋዘኑ ወደ አዳራሹ እመላለሳለሁ። አዳራሹ ሳቅና ክርክር ነው። መጋዘኑ ግን አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ስላለችው ጠቆር ያለ፣ በቀትርም ቢሆን የሚበርድ ቤት ነው። ከሰዓት በኋላ አንዱን ሰሌዳ ይዤ በሩ ላይ ስደርስ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ካርታ ጠርዙን ጠረጴዛ ላይ መታ፣ መታ።

እትዬ ዱዳ ነበሩ። ካርታቸውን ዘርግተው ጨርሰው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረዋል። ልጁ አጎንብሷል። ካርታዎቹን የያዘው በቀኝ እጁ ነው፤ የሚመታው ግራው ነው። ቀና ሳይል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ደግ አረግሽ አንች» አለ።

አነጋገሩ የደሴ አልነበረም። አንድ ወጣት እናቱን የምታክል ሴት «አንች» ሲል ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ሊቆጣው ይገባ ነበር። ማንም አልተቆጣም። የቡሬው ሹፌር ካርታውን ደፍቶ አማተበ።

እትዬ አልደነገጡም። እንደዚያ ፊታቸው ፈክቶ ያየሁት ከሐዘናቸው ወዲህ ያን ቀን ብቻ ነው። «እሽ፣ ይጫወቱ እንግዲህ» አሉት።

ተጫወተ። እንዴት እንደተጫወተ እኔ እንደ ሒሳብ አስተማሪ እመሰክራለሁ፤ የለመደው የስልክ ጨዋታ አልነበረም። ቀስ እያለ፣ ትንንሾቹን ካርታዎች አስቀድሞ እየጨረሰ፣ ቀያሹ ይጫወቱት በነበረው መንገድ። በዚያች ሰሌዳ አዳራሹ ውስጥ ቡሬዎች የተሸነፉበት ጨረታ መጋዘኑ ውስጥ ተሳካ። ማንኩሳ በዚያች አንዲት ሰሌዳ አለፈ።

ሲያበቃ ልጁን ግቢው ውስጥ ቧንቧው ሥር አገኘሁት፤ ግራ እጁን እያሸ ነው።

«ቲቸር፣ ያ ክፍል ይበርዳል አይደል? እጄ ደነዘዘብኝ።»

«ለእትዬ ምን እንዳልካቸው ታውቃለህ?»

«ምን አልኳቸው? አመሰግናለሁ ነው ያልኩት።»

ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ? አንች? እንዴት ብዬ!» ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ መንገዱ ሮጠ፤ እሳቸው ግን በባጃጅ ሄደው ነበር። ተመልሶ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። «ባለቤታቸው ግራኝ ነበሩ እንዴ?» አዎ አልኩት። ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ሄደ።

በሳምንቱ መሃል መልእክት ላከልኝ፤ ለፍጻሜው ሌላ ሰው ፈልጊ የሚል። ማንኩሳ ሄጄ ለእትዬ ነገርኳቸው። ደጃፋቸው ላይ ጌሾ ያሰጣሉ። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ልጁ ይምጣ» አሉ።

«ፈርቷል እትዬ።»

«ምን ያስፈራዋል? እኔ ነኝ ልፈራ የሚገባኝ።» ጌሾውን በእጃቸው በተን አደረጉት። «ሲታመሙ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው መኪና አላገኘሁም። ስንት እናት አዋልጄ፣ እሳቸውን ማትረፍ አቃተኝ። በወጉ እንኳን ሳንሰነባበት ነው የሄዱት። ልጁ አንድ ቀን ብቻ ይምጣልኝ።»

ይህን ለልጁ ስነግረው «እሺ፣ ለሳቸው ስል» አለኝ።

የፍጻሜው ዕለት የገበዝ ማርያሞቹ በጠዋት ከደጋው ወረዱ። እኔ ጠረጴዛውን ከመጋዘኑ ላወጣ ነበር፤ እትዬ ከለከሉኝ። እዚያው ተቀመጡ። ያን ቀን ሰሌዳ ይዤ በገባሁ ቁጥር በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ጆሮዬ ጠረጴዛው ላይ ነው። ምንም የለም። ልጁ በቀኝ እጁ ይጫወታል፤ ግራውን ጭኑ ሥር አድርጎ ተቀምጦበታል። እትዬ ዱዳ ለመሆን ጨረታውን ሆን ብለው ለእሱ ይተዉለታል፣ ካርታቸውን ይዘረጋሉ፣ ከዚያ ዓይን ዓይኑን እያዩ ይጠብቃሉ። እሱ ትንሽ ይቆይና «አመሰግናለሁ እማማ» ይላል። ደጋግመው ዘረጉ። ደጋግሞ አመሰገነ። እንደዚያ እየተጫረቱ ማሸነፍ አይቻልም፤ ዋንጫውን ገበዝ ማርያም ወሰደ።

እትዬ የመጨረሻ ካርታቸውን ሲሰበስቡ አጠገባቸው ነበርኩ። ሰብስበው፣ አስተካክለው፣ የሰሌዳው ኪስ ውስጥ ከተቱ።

«ሄዱ» አሉኝ። «አሁን ሄዱ። መሰናበታቸው ነበር የባለፈው።» አለቀሱ፤ እፎይ እንዳለ ሰው ነው ያለቀሱት። ልጁን ግንባሩን ሳሙት። በዓመቱ ከላቸውን አወለቁ፤ አሁን ከአንዲት የሰፈራቸው አስተማሪ ጋር ተጣምረው ይጫወታሉ፣ ይስቃሉም።

ልጁ ግን የዚያን ዕለት፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ፣ ወንበር መሰብሰብ ሲያግዘኝ ቆይቶ አንድ ነገር ነገረኝ።

«ቲቸር፣ አልሄዱም።»

«ምን?»

«እማማ ካርታ በዘረጉ ቁጥር ያ ቃል አፌ ላይ ይመጣ ነበር። የኔ ቃል አይደለም። ምላሴን ነክሼ ነው የምመልሰው። እጄንም የተቀመጥኩበት ለዚያ ነው።» ከንፈሩ ላይ የደረቀ ደም ነበር። «ብተወው ኖሮ መመለሻው ይጠፋኝ ነበር።»

ጥቂት ወራት ቆይቶ ዝውውር ጠይቆ ወደ አገሩ ሄደ። አንዳንዴ በበዓል ይደውልልኛል፤ ካርታ ትቷል።

ለእትዬ አልነገርኳቸውም። ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር፤ በተለይ በጨዋታ መሃል ሲስቁ ሳይ። ግን ምን ብዬ? ዘንድሮም ውድድሩን አዘጋጅቼ ነበር። የኋላውን ጠረጴዛ በረንዳ ላይ አወጣሁት፤ ጸሐዩም ንፋሱም ካርታ እያበላሸ አስቸገረን። ሰዎቹ ለምን መጋዘኑን እንደማልጠቀም ሲጠይቁኝ ይበርዳል አልኳቸው።