ነፋስ የማያገኘው ተዳፋት

ጋሼ ሰይድ በክረምት ቅዳሜና እሁድ ሰው ወደ በረዶ ተራራ የሚያመላልስ አውቶቡስ መንዳት ከጀመሩ አሥራ አራት ዓመት ሆናቸው። ወሎ ሳሉ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የጭነት መኪና ሲያሽከረክሩ ኖረዋል፤ ሜልበርን ከገቡም ወዲህ ከመሪ ተለይተው አያውቁም። ብሬብሩክ ካለው ቤታቸው ሱብሂ ሰግደው ይወጣሉ። ተሳፋሪው ቀኑን ሙሉ ሲንሸራተት እሳቸው አውቶቡሱ ውስጥ ሬዲዮ ያዳምጣሉ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሰው ቆጥረው ይመለሳሉ። አንድም ቀን በረዶው ላይ ወርደው አልተጫወቱም። «በረዶ እኛ አገር አዝመራ ያወድማል እንጂ ማን ይጫወትበታል?» ይላሉ።

ባለፈው ኦገስት አንድ ቅዳሜ የጫኑት በአብዛኛው ያገራቸውን ልጆች ነበር። ከነሱ መካከል ሪድዋንና ሱሀይብ የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ሪድዋን ካርልተን እየኖረ ማስተርሱን የሚማር፣ ካገባ ገና ዓመት ያልሞላው ነው። ሱሀይብ ሜድስቶን የሚኖር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። አዲስ አበባ አንድ ሰፈር አድገው እዚህ የተገናኙ ናቸው፤ በረዶ ሲያዩ ሁለቱም የመጀመሪያቸው ነው።

ተራራው ላይ ለሦስት ቀን ማዕበል ሰንብቶ ነበር። መግቢያው ጋ ቀይ ጃኬት የለበሰች የተራራው ጠባቂ አውቶቡሱን አስቁማ ለጋሼ ሰይድ አስረዳቻቸው። ባለፈው ሳምንት አሮጌው በረዶ ላይ ዝናብ ዘንቦ እንደ መስታወት ረግቷል፤ አዲሱ በረዶ ላዩ ላይ ተቆለለ እንጂ አልተጣበቀም፤ ባንዴ ተንሸራቶ ሊወርድ ይችላል። ነፋሱ ደግሞ ከወዲያ ማዶ እየጠረገ ወደዚህኛው ጎን ያከማቸዋል።

ጋሼ ሰይድ ማይክራፎኑን አነሡ።

«ዛሬ ዊንዱ ከባድ ነው፤ ሰው ወደ ላይ የሚያወጡት ሊፍቶች ሊዘጉ ይችላሉ። የአቫላንሽ ሪስኩም ሀይ ነው ብለዋል። ከድንበሩ ገመድ ውጪ እንዳትወጡ።»

«ጋሼ ሰይድ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ አቫላንሽ አለ እንዴ?» አለ ሪድዋን። ሰዉ ሳቀ።

«እኔ የተባልኩትን ነው የነገርኳችሁ፤» አሉና አብረው ሳቁ።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ በረታና የልጆችና የጀማሪዎች መጫወቻው ሁሉ ተዘጋ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሼ ሰይድ በመስኮት ሲያዩ፣ ሪድዋንና ሱሀይብ የተከራዩትን የፕላስቲክ መንሸራተቻ እየጎተቱ ከእንግዳ ማረፊያ ሎጆቹ ጀርባ ወዳለው ተዳፋት ሲሄዱ ታዩዋቸው። ከላይ እስከ ታች ያ ጎን ጸጥ ያለ ነው፤ ነፋስ አያገኘውም። «ጎሽ፣ መጠለያ አገኙ» ብለው እጃቸውን አውለበለቡላቸው። ሪድዋንም አውለበለበ።

አሥር ሰዓት ላይ ሲቆጥሩ ሁለት ሰው ጎደለ። ስልካቸው አይነሣም። ከመሥሪያ ቤቱ ደውለው መንገዱ ሳይዘጋ ይውረዱ አሏቸው።

«ሰው ጥዬ አልወርድም፤» ብለው ስልኩን ዘጉ።

እየሮጡ ጠባቂዎቹ ጋ ሄደው ያዩትን ሲናገሩ፣ ጠዋት ያነጋገረቻቸው ሴት ፊቷ ተለወጠ። ነፋስ የማያገኘው ያ ጎን፣ ነፋሱ በረዶውን ሲያራግፍበት የዋለው ጎን ነበር።

ጠባቂዎቹ አካፋና ረጃጅም ዘንግ ይዘው ሲወጡ ጋሼ ሰይድ ሊከተሏቸው ፈለጉ፤ ሌላም በረዶ ሊወርድ ይችላልና ገመዱ ጋ ይቁሙ ተባሉ፤ ቆሙ። በበረዶው ጭጋግ ውስጥ ቀያይ ጃኬቶቹ እየጠፉ እየታዩ ነበር። ሱሀይብን በጩኸቱ አገኙት፤ እስከ ደረቱ ተቀብሮ፣ አንድ እጁ ብቻ ነጻ ነበር። ከዚያ ሪድዋንን ፍለጋ በረዶውን በዘንግ እየወጉ በመስመር ወጡ። ሊመሽ ሲል መስመሩ ቆመ። ሁሉም ባንዴ መቆፈር ጀመሩ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሁሉም ቀጥ አሉ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን፤» አሉ ጋሼ ሰይድ።

የሞቱን ምክንያት የሚያጣራው መርማሪ አስከሬኑን እስኪለቅ አራት ቀን ፈጀ። ሪድዋን እዚህ የሥጋ ዘመድ ስላልነበረው ከሚያጥቡት አንዱ ጋሼ ሰይድ ሆኑ። ሰውነቱ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ባለቤታቸው ዙበይዳ የሪድዋን ሚስት ኒስሪን ጋ ካርልተን ሄደው ሳምንት ሙሉ አብረዋት አደሩ።

ከቀብሩ በኋላ ጋሼ ሰይድ ሜድስቶን ሱሀይብን ሊጠይቁ ሄዱ። ጣቶቹ በብርዱ ተጎድተው ሁለቱም እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለዋል።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ነግረውን ነበር፤» አለ ሱሀይብ።

«አልነገርኳችሁም።»

«ኧረ ነግረውናል! እኛ ነን የሳቅነው።»

«እነሱ ያሉኝን ቃል እንዳለ አቀበልኳችሁ እንጂ መቼ ነገርኳችሁ? እኛ ቀዬ በክረምት ሦስት ቤት ከነሰዉ ናዳ በልቶታል። የአጎቴን ልጆች በአካፋ ያወጣሁ ሰው ነኝ። ያን ጠዋት ‹ናዳ› ብዬ ቢሆን ማናችሁም አትስቁም ነበር። አቫላንሽ ስል ለራሴም የፈረንጅ ነገር መሰለኝ። ደግሞ እጄን አውለበለብኩላችሁ።»

«እኔ ነኝ እንሂድ ያልኩት፤» አለ ሱሀይብ። «እዚያ ነፋስ የለም፣ ና ያልኩት እኔ ነኝ። ለኒስሪን አልነገርኳትም።»

«ትነግራታለህ። ስትነግራት እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፤» አሉ ጋሼ ሰይድ።

«ወደ ሥራ ይመለሳሉ?»

«ቅዳሜ እመለሳለሁ።»

«እንዴት ያስችልዎታል?»

«አያስችለኝም። ግን የሚተካኝ ሹፌር ናዳ አይቶ አያውቅም።»

የመግሪብ ሶላት ደረሰ። ሱሀይብ በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቹን አየና ለሶላት ውዱእ አድርጎ መታጠብ እንደማይችል ነገራቸው፤ ከዚያ ቀን ወዲህም አልሰገደም። ጋሼ ሰይድ ከማድ ቤት ለብ ያለ ውኃ በጆግ ቀድተው መጡ፤ ከፊቱ በርከክ ብለው ፊቱን አጠቡለት፣ ፋሻው እንዳይረጥብ እየተጠነቀቁ እስከ ክርኑ አጠቡለት፣ ፀጉሩን በእርጥብ እጃቸው አበሱለት፣ በመጨረሻም እግሮቹን አንድ በአንድ አጠቡ። ከዚያ ምንጣፉን አነጠፉና ጎን ለጎን ቆሙ።