አያቴ የመሰከረ ዕለት

ልጅ ሳለሁ ማታ ማታ የምተኛው አፌን እየዳበስኩ ነበር። ለዚህ ተጠያቂው አያቴ ነው። ያኔ እኔና እሱ ዛፍ በሞላበት ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ግቢ ጀርባ ባለች የኪራይ ክፍል ብቻችንን እንኖር ነበር፤ ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲለን ፍራሻችንን ደጅ እናወጣና፣ መብራት ከጠፋም ፋኖስ ለኩሰን፣ ሻይ ካፈላንበት የከሰል ፍም አጠገብ ተረት ይነግረኛል። የባቡር ጡረተኛ ነበር፤ ድምፁ ወፍራም፣ ጨለማ የማይፈራ፣ ልጅ ማስፈራራት ግን ነፍሱ የሆነ ሰው።

ከተረቶቹ ሁሉ አንዷን እጠላት ነበር። በአንድ አገር አንድ ድሃ ሲበደል ጎረቤቶቹ በየመስኮታቸው ቆመው ያያሉ፤ ዳኛው ሲጠይቃቸው ግን ሁሉም አላየንም ይላሉ። በማግስቱ ከእንቅልፋቸው ሲነሱ አፋቸው የለም። ከአፍንጫቸው በታች እንደ እንቁላል ልሙጥ ሆኗል። አያቴ እዚህ ሲደርስ ፋኖሱን ወደ ፊቱ ያስጠጋና ከንፈሩን በመዳፉ ይሸፍናል። እኔ አንሶላዬ ውስጥ እገባለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዴ ፋጡማ መጣች። ከጀልዴሳ በኩል ከሰል በአህያ እየጫነች በየሰፈሩ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አህያዋን መንገድ ዳር አቁማ ለእኛ በጣሳ ስትሰፍር፣ አከራያችን አቶ ግዛቸው መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳ ከግቢው ወጣ። በስልክ እያወራ ስለነበር ዞር ብሎ እንኳን አላየም። አህያዋ ተገጭታ ስትወድቅ ያወጣችው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እሱ ግን ወርዶ ያየው የተሰበረውን የመኪናውን የኋላ መብራት ነበር።

«አህያሽ ናት የገባችብኝ፤ ታሠሪያለሽ» አላት።

አዴ ፋጡማ ወደ አያቴ ዞረች። «አቦ፣ አንተ አይተሃል አይደል? ወላሂ ቆማ ነበር። ከሷ ሌላ ምን አለኝ? ልጆቼን በምን ላሳድር?»

አያቴ የከሰሉን ከረጢት እንደያዘ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ወደ ክፍላችን ገባ።

አቶ ግዛቸው ክፉ የሚባል ሰው አልነበረም። በየወሩ ከሰንበቴው ጋር ነዳያንን ሰብስቦ የሚያበላ፣ በእጁ ወጥ የሚጨምርላቸው ሰው ነው። አያቴም የዚያው ሰንበቴ አባል ነበር። በዚያ ላይ የምንኖርበት ክፍል የእሱ ነው፤ በዚያ ኪራይ ሌላ ቤት እንደማናገኝ እኔም ብሆን አውቅ ነበር።

ያን ማታ ተረት የለም። አያቴ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ፋኖሱ አጠገብ ተቀመጠ። በፋኖሱ ብርሃን ከንፈሩን በፎጣው ጫፍ ደጋግሞ ሲጠርግ ሳየው ክው አልኩ። ተነስቼ ፊቱን በሁለት እጄ ያዝኩት። አፉ አለ፤ ገና አልጠፋም።

«አባባ፣ ነገ ጠዋት ይጠፋብሃል» አልኩትና አለቀስኩ። ለእሱ ብቻ አልነበረም ያለቀስኩት፤ እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ።

ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም። «ፈርቼ ነው ልጄ» አለኝ። «ከዚህ ቢያስወጣን ወዴት እወስድሻለሁ?»

ትልቅ ሰው እንደሚፈራ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ከተረቱ ይልቅ ይኼ አስፈራኝ። ከጨለማው የሚጠብቀኝ ሰው እሱ ራሱ ከፈራ፣ እኔ ማን ጋ ልሸሸግ?

አዴ ፋጡማ የከሰሰችበት ጉዳይ ለቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት በቀረበ ዕለት አያቴ እጄን ይዞኝ ሄደ። መንገዳችን ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ተሳለመ፤ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ግንባሩን ከበሩ አላነሳም። አቶ ግዛቸውን ፊት ለፊት ሳየው ከአያቴ ጀርባ ተደበቅሁ። አያቴ ያየውን ሁሉ ተናገረ። ያ ወፍራም ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«ጋሽ ተሰማ፣ እኔ ድሃ እንደማልበድል አንተ ታውቃለህ» አለው አቶ ግዛቸው። «በየወሩ ማን ነው የሚያበላቸው?»

«አንተ ነህ፤ እግዚአብሔር ይስጥህ» አለ አያቴ። «ዛሬ ግን ይቺ ሴት የለመነችህ እንጀራ አይደለም።»

አቶ ግዛቸው የሞተችውን አህያ እንዲተካላት ተፈረደበት። እኛም ወሩ ሳይሞላ ቤቱን ለቀን፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ቆርቆሮው ቀን ቀን እንደ ምጣድ የሚግል ክፍል ገባን። አያቴ እዚያው ሞተ። የከዚራ ዛፎች ጥላ እንደናፈቀው ነበር፤ ደግ ሠራሁ ሲል ግን አልሰማሁትም፣ ተሳሳትኩ ሲልም እንደዚሁ።

ተረቶቹን አብዛኞቹን ረስቻለሁ። ዛሬ በምሠራበት ቢሮ አንድ ምስኪን ያለ ጥፋቱ ሲገፋ ሳይ አሁንም እፈራለሁ፤ አለቃዬን እፈራለሁ፣ ለእንጀራዬ እፈራለሁ፣ እስክደፍር ድረስ ትንሽ ልቆይ እላለሁ። ይሁን እንጂ አያቴ ደፍሮ አልነበረም የሄደው። ያን ዕለት እጄን ይዞኝ ስለነበር፣ መንቀጥቀጡ እስከ ትከሻዬ ድረስ ይሰማኝ ነበር።