አባቴ ለሐያት የመረጠላት የፊት ጎማ

ወልቂጤ፣ ጠዋት

ከወልቂጤ የተነሳሁት ብስክሌቴን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ነው። ቡታጅራ ወርጄ ከአባቴ ሱቅ ሁለት ጎማ ልወስድ፣ በማግስቱ ደግሞ የጉራጌን ተራራ በብስክሌት አቋርጬ ወደ ቤቴ ልመለስ ነበር ዓላማዬ። የኋላው ጎማዬ ጥርሱ አልቆ መላጣ ሆኗል። የፊተኛው ጎኑ ተሰነጣጥቆ ክሩ መታየት ጀምሯል። እንዲህ ባለ ጎማ እስከ ጉብሬ አስፋልት ለአስፋልት መመላለስ ይቻል ይሆናል፤ ተራራ መውረድ ግን እብደት ነው።

ብቻዬን ነበር ላደርገው ያሰብኩት። ታናሽ እህቴ ሐያት ስትሰማ እኔም እመጣለሁ አለች፣ አባቴም በስልክ አብራችሁ ሂዱ ብሎ ነገሩን ዘጋው። ሐያት ቡታጅራ ከአባቴ ጋር ትኖራለች። ብስክሌት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ኮርቻዋን ከኋላ ይዤ እየሮጥኩ። አሁን አዲስ አበባ ያለው አጎታችን አዲስ ማውንቴን ብስክሌት ገዝቶላታል። የእኔን ከአንድ አስተማሪ ላይ አሮጌዋን ነው የገዛሁት።

ከመነሻው እውነቱን ብናገር ይሻላል፤ ያን ቀን ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጥኩት ቀንቼ ነው። በአዲሱ ብስክሌት ብቻ ቢሆን ባለፈልኝ ነበር። አባቴ ለሐያት ጎማ ሲፈልግ መሰንበቱን፣ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሁሉ ሲያዝዝ፣ የመጣውን ሲመልስ መቆየቱን ሰምቻለሁ። ለእኔ ያን ያህል የለፋበትን ቀን አላስታውስም። ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ፣ የራሴ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያለኝ ሴት በጎማ ስቀና ራሴን ታዘብኩት። መታዘቤ ግን ምንም አልረዳኝም።

በተራራው ላይ

ረዳቱ ለብስክሌቷ የጠየቀኝ ከእኔ መቀመጫ ይበልጥ ነበር። ትንሽ ተከራከርኩና ከፈልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ፤ ጭነቱን አይተው ብስክሌቷ የማን እንደሆነች ጠየቁኝ። የእኔ ነች፣ ነገ በዚሁ መንገድ እየነዳሁ እመለሳለሁ ስላቸው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢበጠስብሽስ አሉኝ። ሁለት ፍሬን አላት አልኳቸው። ሁለቱም ቢበጠሱስ አሉ። ከዚያ ሌላ ነገር ሳይጠይቁኝ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ከጉብሬ በኋላ ዓይኔን ከመንገዱ ላይ አልነቀልኩም። መጀመሪያ ላይ እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሎ ቤቶቹን ከቧቸዋል፤ በየመንደሩ ፊት ለፊት ሰፊው የሣር ሜዳ፣ ጀፎረው፣ ተዘርግቷል። ከፍ እያልን ስንሄድ እንሰቱ እየሳሳ ገብስ መጣ፣ ከዚያ ባህር ዛፍ፣ ከዚያ ጉም። መንገዱ አንዴ ጠጠር፣ አንዴ ቀይ ጭቃ፣ አንዴ የተራቆተ ድንጋይ ነው። የት ላይ ጎማ እንደሚያዳልጥ፣ የት ላይ ወርጄ እንደምገፋ በልቤ እየያዝኩ ሄድኩ። ከጫፉ በኋላ ወደ ቡታጅራ ሲወረድ ጉሙ ተገፈፈ፤ ከታች ሜዳው በፀሐይ ይንቦገቦጋል። በመስኮቱ ሞቅ ያለ አየር ገባ፤ ሹራቤን አወለቅኩ።

ቡታጅራ

የአባቴ ሱቅ ከገበያው ጀርባ ነው፤ የሚሰጣ በርበሬ ያስነጥሳል። ድሮ ለሰፈር ልጆች ብስክሌት ያከራይ ነበር። አሁን ጎሚስታ ነው፤ የባጃጅ ጎማ ይለጥፋል፣ ከጎኑ ደግሞ የብስክሌት ዕቃ ይሸጣል። ስደርስ ሐያት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ አባቴ የእሷን የፊት ጎማ ጭኑ ላይ አስደግፎ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። ሰላም ተባባልን፣ ተሳሳምን፣ መንገዱ እንዴት ነው አለኝ። ከዚያ ወደ ጎማው ተመለሰ።

ጎማው ያምራል። ሰፊ ነው፣ ጥርሶቹ ረዣዥምና ፈንጠርጠር ያሉ፣ ጎማው ራሱ በጥፍር ሲጫኑት የሚሰረጉድ ለስላሳ። አባቴ ለሐያት ያስረዳታል። የምታዞሪውም ፍሬን አጥብቀሽ የምትይዢውም በፊት ጎማ ነው፤ የኋላው ቢያዳልጥ ትደነግጫለሽ እንጂ ትመልሺዋለሽ፣ የፊቱ ካዳለጠ ግን መሬት ላይ ነሽ። ስለዚህ ጥሩው ለፊት። ለኋላ ጥርሱ አጭር፣ ተጠጋግቶ የተተከለ፣ ጠንከር ያለ ይሁን፤ ዳገት ላይ አይጎትትሽም፣ ቶሎም አያልቅም። እኔ ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። ለሐያት ራሴ ነግሬያታለሁ። እሷ ግን አዲስ ነገር እንደምትሰማ ሰው ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

"ለእኔስ?" አልኩ።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። "አንቺማ ታውቂያለሽ" አለ። "እዚያ ከተሰቀሉት ደስ ያለሽን ውሰጂ።"

ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉትን ጎማዎች አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመርኩ። የምፈልገው የሐያትን የሚመስል ነበር፤ የሚሻለኝን ሳይሆን የሚመስለውን። አንድ አገኘሁ። ሰፊ፣ ጥርሰ ረጅም፣ አቧራ የጠጣ። ለፊት ያዝኩት። ለኋላ ጥርሱ አጠር ያለ አዲስ ጎማ መረጥኩና ሁለቱንም አባቴ ፊት አስቀመጥኳቸው። ሰፊውን አንስቶ አጎበጠው፤ ጥፍሩን ጥርሱ ላይ ጫነ፤ አልሰረጎደም።

"ነጃት፣ ይሄ ተሰቅሎ ከርሞ ደርቋል። እርጥብ ድንጋይ ላይ አይዝም። ጥርሱ አያታልልሽ፤ ይሄን ከኋላ አድርጊና ያንን ለፊት።"

ከመጣሁ ጀምሮ የጠበቅኩት ይሄንኑ አልነበረም? ግን ሐያት አጠገባችን ቆማ ትሰማለች፣ እሷ ፊት እንደታረምኩ ተሰማኝ።

"ታውቂያለሽ ብለኸኛል እኮ" አልኩት።

እጁን ከጎማው ላይ አነሳ። የሶላት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ሊታጠብ ወጣ። ጎማዎቹን ራሴ ገጠምኳቸው፤ ደረቁን ለፊት።

ዳገቱ

በማግስቱ ገና ሳይሞቅ ወጣን። አባቴ የሐያትን ጎማዎች ነፋ፣ ተጫነ፣ ከፊቱ ትንሽ አየር አስተነፈሰ፣ እንደገና ተጫነ። ለስለስ ሲል መሬቱን ይይዝልሻል አላት። የእኔን ራሴ ነፋሁ። አላህ ይጠብቃችሁ ብሎ ሸኘን፤ ዞር ብዬ ሳይ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ዳገቱ ላይ ሐያትን ጥያት ሄድኩ። ልጅቷ ልምድ የላትም፤ ትፈጥናለች፣ ይደክማታል፣ ትቆማለች። እኔ ዝግ ብዬ ሳላቋርጥ እወጣለሁ። ከኋላዬ ስትጠራኝ ሁለቴ ያህል እንዳልሰማሁ ሆንኩ። በየመታጠፊያው ዝቅ ብዬ ሳያት፣ በዚያ በተመረጠ ጎማዋ ላይ እንደዚያ ስታለከልክ፣ ደስ አለኝ። ለመጻፍ ደስ አይልም፤ ግን እንደዚያ ነበር።

ከጫፉ ላይ አንዲት ሴት መንገድ ዳር የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ትሸጣለች። ጉሙ ወርዶ ልብሳችንን አርሶታል። የእሷ ጉራጊኛና የእኛ የቡታጅራው መስቃንኛ ግማሹን ብቻ ስለሚገናኝ በአማርኛ አወራን። የማን ልጆች እንደሆንን ጠየቀች፣ ከየት ወዴት እንደምንሄድ ሰምታ ተገረመች። ሐያት ትንቀጠቀጥ ነበር። ሴትየዋ ቤቷ ገብታ ጋቢ አምጥታ አለበሰቻት፣ ጀርባዋን አሸችላት። እኔም ይበርደኝ ነበር። ወደ እኔ ዞር አለችና "አንቺ ጠንካራ ነሽ" አለችኝ።

ድንቼን ይዤ ወደ ብስክሌቴ ሄድኩ። ጠንካራ ነሽ፣ ታውቂያለሽ። ለእኔ የሚደርሰኝ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ቃል ነው፣ ጋቢው ለሌላ ነው እያልኩ በላሁ። ሐያት እስክትሞቅ አልጠበቅኩም። ቀስ ብለሽ ነይ አልኳትና ቁልቁለቱን ጀመርኩ።

ቁልቁለቱ

መጀመሪያ ላይ ጠጠሩ መልካም ነበር። ረዣዥሞቹ ጥርሶች ሲቆነጥጡት ይሰማኛል፣ አባቴ ተሳስቷል ብዬ አሰብኩ። ትንሽ ወረድ ብሎ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ እዚያ ላይ አፈሩ ታጥቦ ሰፊ ድንጋይ ወጥቷል፣ በጉሙ ርሷል። ከሚኒባስ ሆኜ አይቼው ነበር። ፍሬን ያዝኩ፣ መሪውን አዞርኩ። የፊት ጎማው ሳሙና ላይ እንደቆመ ሰው ወደ ጎን ሄደ። ለመመለስ ጊዜ አልነበረም። በግራ ጎኔ ነው የወደቅኩት፤ እጄን አስቀድሜ።

ስነሳ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ የእጄ አንጓ ማበጥ ጀምሯል። መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ሐያት ከላይ ስትመጣ አየኋት። ያንኑ ድንጋይ ቀስ ብላ፣ ሳታዳልጥ አለፈችው። ሕመሙ ላይ ሆኜ እንኳ ቀናሁባት።

ብስክሌቷን ጥላ መጣች። ሻርፗን ፈትታ እጄን አሰረችው፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አስነቃነቀችኝ፣ ሁሉም ይንቀሳቀሳሉ። ለምን እንደማልጠብቃት ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ነው በሆዴ የያዝኩት የወጣው። ለአንቺ ሳምንት ሙሉ ይመርጣል፣ ለእኔ ከተሰቀለው ውሰጂ ይለኛል አልኳት። ድምፄ እንደ ሕፃን ሆነ።

ሐያት የሻርፑን ቋጠሮ አጠበቀችው።

"ለእኔ የሚለፋው እኮ እንደምወድቅ እርግጠኛ ስለሆነ ነው" አለች በመጨረሻ። "ብስክሌት ባነሳሁ ቁጥር 'ነጃት ብትሆን አልሰጋም' ይለኛል። አንቺ ወልቂጤ ነሽ፣ ቤቱ ውስጥ ግን የሚወራው ስለ አንቺ ነው። ሰልችቶኛል።"

ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግማሽ ያህል ደስ አለኝ። ግን ደግሞ አባቴ እንዲተማመንብኝ ብቻ አይደለም የምፈልገው፤ እንዲሰጋልኝም እፈልጋለሁ። ለሐያት ይህንኑ ነገርኳት። እሷም እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንዲተማመንብኝ እፈልጋለሁ አለች። ሁለታችንም ትንሽ ሳቅን፤ እኔ እጄን ይዤ።

ከዚያ ሐያት ሳልጠይቃት ብስክሌቴን ገልብጣ ጎማዎቹን መፍታት ጀመረች። በማንኪያ እጀታ የፊቱን አወጣች፣ የኋላውን አወጣች፣ አቀያየረቻቸው፤ አዲሱ ለፊት፣ ደረቁ ለኋላ፣ አባቴ እንዳለው። ይህን ሥራ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ አሁን ከእኔ ፈጥና ትሠራዋለች። አባባ ተናግሮ ነበር የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። አየሩን በያዝነው የእጅ መንፊያ ስትነፋ ከፊቱ ትንሽ አስተነፈሰች።

የቀረውን ቁልቁለት እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ ሆነን ወረድን። በየመታጠፊያው እየቆመች ጠበቀችኝ። የኋላ ጎማዬ ደጋግሞ አዳለጠኝ፤ ደነገጥኩ፣ መለስኩት፣ ቀጠልኩ። ጉብሬ ስንደርስ ዳቦና ሻይ ወሰድን፤ እኔ በቀኝ እጄ ብቻ።

ወልቂጤ

ቤት የገባነው ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ነው። ሐያት ውሃ ስታሞቅ አባቴ ጋ ደወልኩ። በሰላም ገባችሁ አለኝ። ወድቄያለሁ አልኩት። ከበስተጀርባው የሚሰማው የንፋስ መሙያ ማሽን ድምፅ ጠፋ።

የቱ ጋ እንደወደቅኩ፣ መሬቱ ምን እንደነበር፣ በየት በኩል እንደወደቅኩ ጠየቀኝ። እጄን ሐኪም ሳላሳይ እንዳላድር አዘዘኝ። ነግሬሽ ነበር አላለኝም።

"አባባ፣ የፊት ጎማ አንተ ምረጥልኝ" አልኩት።

"ከሐያት ጎማ የሚሻል ነው የሚያስፈልግሽ" አለ። "አንቺ ቁልቁለት ላይ ትፈጥኛለሽ።"

ሐኪሙ አጥንትሽ ደህና ነው፣ አሳርፊው አለኝ። ሐያት እጄ እስኪሻለኝ ሱቄን ልትይዝልኝ ወልቂጤ ቆየች። ብዙ ቀን ስንጠብቅ ቆይተን አንድ ጠዋት ከቡታጅራ የመጣ ሚኒባስ ረዳት በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ጎማ አስረከበኝ። ጥፍሬን ጫንኩበት፣ ሰረጎደ። ጎኑ ላይ አባቴ በጠመኔ በትልቁ «ፊት» ብሎ ጽፎ ጎማው የሚዞርበትን አቅጣጫ በቀስት አመልክቷል፤ አዲስ ለጀመረ ልጅ እንደሚደረገው።

ከዚህ ጉዞ ተማርኩ የምለው ብዙ አይደለም። ከሁለቱ ጎማ የሚሻለው ለፊት ነው፤ ይህን ድሮም አውቀው ነበር። ሰው የሚፈልገውን በአፉ ካልጠየቀ ጠንካራ ነሽ ተብሎ እንደሚታለፍ ግን አላውቅም ነበር። ቅናቴም ፈጽሞ አለቀ አልልም፤ የሐያትን ብስክሌት ሳይ አሁንም ትንሽ ይነካኛል።

ጠመኔው እንዳይለቅ እየተጠነቀቅኩ ጎማውን ለሐያት አሳየኋት። ጽሑፉን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"የእኔ ላይ አልጻፈም" አለች።

በመስኮት ሳይ ውጭ ወጥታ የራሷን የፊት ጎማ ቀስ እያለች ታዞረዋለች፤ አንዱን ጎን አይታ ስትጨርስ ሌላውን ለማየት ወዲያ ማዶ ዞረች።