በማያዎች ፍርስራሽ ፊት በባዶ እግሬ

እኔ እንኳን ፍርስራሽ ለማየት ብዬ አልሄድኩም። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አብራኝ አልጋ የምታነጥፍ፣ ፍሩትቬል ሰፈር የምትኖር የሜክሲኮ፣ የዩካታን ልጅ ነበረች። ወንድሟ ወደ አሜሪካ እመጣለሁ ብሎ ከቤት ከወጣ በኋላ ድምፁ ጠፍቷል። ቫኬሽን ወስዳ እናቷን ልታይ ስትነሳ፣ «ብቻዬን ምን ብዬ ፊቷ እቆማለሁ? ነይ አብረን እንሂድ» አለችኝ። ሄድኩላት።

በደረስን ማግስት እናትየው ከመንደሩ ጀርባ፣ ጫካ ውስጥ ወዳለው የጥንት ማያዎች ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ወሰዱን። ዛፍ የበቀለበት የድንጋይ ደረጃ፣ አናቱ ላይ ጣሪያ የሌለው ቤት። ድሮ ሰው ይሠዋበት ነበር ሲሉ ሰምቼ ስለነበር መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ነው የሄድኩት። የጣዖት ቤት ምን አገባኝ? የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ምን ይላሉ? እንዲህ ስል ደረጃው ሥር ደረስን። እግሬ ለካ እኔን አልጠየቀኝም፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደደረሰ ሰው ጫማዬን አውልቄ ቆሜያለሁ!

እናትየው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከቅርጫታቸው ሻማ አውጥተው አስጨበጡኝና በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉ።

«ምን አሉ?» አልኳት ጓደኛዬን።

«ይቺ ሴት ቦታውን ታከብራለች፣ ለልጄ እዚህ ትጸልይልኝ ነው የምትለው።»

«ኧረ ልማድ ሆኖብኝ ነው በያት!»

«አንቺው ንገሪያት» አለችኝ ጓደኛዬ፣ «እኔ አልችልም።»

ልጸልይ ብል ቦታው፣ አልጸልይም ብል ልጅ የጠፋባቸው እናት። ድንጋዩ ያቃጥላል፤ አንዱን እግሬን ሳነሳ ሌላውን ሳሳርፍ ቆየሁ። በመጨረሻ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ፣ እኛ የምንጸልየው ወደዚያ ነው። ያኔ ጀርባዬን ለደረጃው ሰጠሁ ማለት ነው። እሳቸውም ምንም ሳይጠይቁ አብረውኝ ዞሩ። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፣ የልጁን ስም ጠራሁ።

ስጨርስ ክንዴን ያዙ።

«እግዜር ሰማ ወይ? ትልሻለች» አለች ልጃቸው።

«ሰምቷል» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ኦክላንድ ከተመለስን በኋላ እረፍት አጣሁ። የቦታውን ነገር ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀለለኝ፤ ያላስቀመጠኝ «ሰምቷል» ማለቴ ነው። የሆቴሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር የልጁ ወሬ መጣ ብዬ አንሶላውን ጥዬ የምሮጠው እኔ ነበርኩ።

«ተይ እንጂ፣ ለኛ አይደለም» ትለኛለች ጓደኛዬ ትራስ እያለበሰች።

እውነቷን ነው፣ አልነበረም። እንደገና ሲጮህ ግን እንደገና እነሳለሁ።