ዶክተሩ ፈጥነው አልተናገሩም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በቤተ ክርስቲያናችን ማይክ ይዤ ለስንቱ ነገር ምስክርነት ሰጥቻለሁ፤ ወረቀቴ ስለተስተካከለ፣ ሥራ ስላገኘሁ፣ አንዴ እንዲያውም ከጉንፋን ስለዳንኩ። ይህን ግን ለባሌም አልነገርኩም፤ በጸሎት እንኳ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ደፋር ሆኜ አይደለም። ስለማታውቁኝ ነው።

ቶሮንቶ ውስጥ የአንድ ሆስፒታል አስተርጓሚ ነበርኩ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ያለውን በአማርኛ እላለሁ፤ በሽተኛው በአማርኛ ያለውን በእንግሊዝኛ እላለሁ። መጨመር የለም፣ መቀነስ የለም። ስቀጠር ፈርሜበታለሁ።

ዶክተር ናያር የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ህንዳዊ ናቸው፤ ልጅነታቸውን ግን ያሳለፉት ጅማ ነው፣ አባታቸው እዚያ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ከአማርኛ የቀረቻቸው "ቁጭ በል" ብቻ ነበረች። ሕክምናውን አገራቸው ተምረው፣ ዓመታት አጥንት ሲጠግኑ ኖረው ካናዳ ሲመጡ ያ ሁሉ አልተቆጠረላቸውም። ላብራቶሪ ውስጥ ዕቃ እያጠቡ እንደገና ተፈተኑ፣ እንደገና ከጀማሪ ጋር ተሰለፉ። "ሃምሳ ሊሞላኝ ሲል ምላጬን መለሱልኝ" ይሉ ነበር። እኔን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። "አባቴ የጅማ ሰው አይዋሽም ይል ነበር" አሉኝ አንድ ቀን። እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ። አላረምኳቸውም።

ጋሽ መኮንን ደግሞ ልጃቸው ሰናይት ስፖንሰር አድርጋ ያመጣቻቸው፣ ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር ከእሷ ጋር የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ስኳር አለባቸው፤ የእግራቸው ቁስል አጥንት ድረስ ዘልቋል። ሐኪሙ ዘንድ ከመግባታችን በፊት ሰናይት ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

"እህቴ፣ ፕሊስ፣ የሚያስደነግጥ ነገር ከሆነ ለአባዬ አትንገሪው። ፕሬሸር አለበት። ቤት ስንገባ እኔ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ።"

እሺ አልኳት። እኛ መርዶ እንኳ የምናረዳው ዘመድ ሰብስበን፣ ሰዓት መርጠን ነው። ክፉ ወሬ በሽማግሌ ፊት እንዲሁ አይዘረገፍም። ይህን እንደ ምክንያት እያቀረብኩ አይደለም። ወይስ እያቀረብኩ ነው?

ዶክተር ናያር ወንበራቸውን ወደ ጋሽ መኮንን አስጠግተው ተቀመጡ። ቁስሉ በዚህ ሳምንት ተከፍቶ ካልተጸዳ እግሩ ይቆረጣል አሉ። "ይቆረጣል" ያሉት ሁለት ጊዜ ነው።

እኔስ ምን አልኩ? "ቁስሉ ትንሽ ከፋ ብሏል፤ ተከፍቶ ቢጸዳ ይሻላል ይላሉ።"

ጋሽ መኮንን ፈገግ አሉ። "ትንሽ ከሆነማ ኦፕሬሽን ምን ያደርጋል፤ በጸሎት እንይዘዋለን።" ይህንን አንድ ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ዶክተሩ ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ። "በትክክል ገብቷቸዋል? እርግጠኛ ነሽ?" አሉኝ። ገብቷቸዋል አልኩ። ጋሽ መኮንን እምቢ ማለታቸውን የሚገልጸውን ወረቀት ፈረሙ፤ እኔም በአስተርጓሚነቴ ከሥር ፈረምኩ።

ኮሪደሩ ላይ ትጠብቅ ለነበረችው ሰናይት ዶክተሩ ያሉትን ሁሉ ነገርኳት። እሷ ግን ለአባቷ አልነገረቻቸውም። ዛሬ ነገ ስትል በሦስተኛው ሳምንት አምቡላንስ ወሰዳቸው፤ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ሲነቁ "እንደሚቆረጥ ማንም አልነገረኝም" አሉ። እውነታቸውን ነው። ሆስፒታሉ ማጣራት ጀመረ። ሰናይት ኮል አድርጋ አለቀሰች፤ "እኔ እንዳስደበቅኩት ካወቀ አባዬ ሁለተኛ አያየኝም" አለችኝ። የዋሸሁት ግን ለእሷ ብዬ አይደለም። ለሥራዬ ብዬ ነው። የምታጣራው ሴት ዶክተሩ ስለ መቁረጥ ተናግረው እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ "ያሉትን ሁሉ ተርጉሜያለሁ፤ እንደዚያ ሲሉ አልሰማሁም" አልኩ። ወጥቼ ሳንድዊቼን በላሁ። ምንም አልተሰማኝም፤ እስከ ዛሬም የሚገባውን ያህል የሚሰማኝ አይመስለኝም።

ዶክተር ናያር ፋይሉ ላይ "አደጋው ተነግሯቸዋል" ብለው ነበር የጻፉት፤ የትኛው አደጋ እንደሆነ አልጻፉም። ብቻቸውን ቀዶ ሕክምና እንዳያደርጉ ተከለከሉ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ያገኙትን ምላጭ እኔ ቀማኋቸው።

አንድ ቀን ሊፍት አጠገብ አገኙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እባክሽ እውነቱን ንገሪኝ፤ ያን ቀን ፈጥኜ ተናግሬ ነበር? አክሰንቴ አስቸግሮሽ ነበር?" አሉኝ። ካናዳ ከገቡ ጀምሮ አክሰንትዎ፣ አክሰንትዎ ሲባሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ማምለጫውን በገዛ እጃቸው ከፈቱልኝ።

"ትንሽ ይፈጥናሉ" አልኳቸው።

አመሰገኑኝ።

ከዚያ ወዲያ በሽተኛ ሲያነጋግሩ ከመጋረጃው ጀርባ እሰማቸው ነበር። አንድ ቃል ይላሉ፣ ያርፋሉ፣ አንድ ቃል ይላሉ፤ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን። በእንግሊዝኛ አፉን ለፈታ ሰው ሳይቀር እንዲያ ነበር የሚናገሩት። የሚስቅባቸውም ነበር። በዓመቱ ሥራውን ለቀቁ። የት እንዳሉ አላውቅም፤ ፈልጌያቸውም አላውቅም።

ማሩኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ዶክተር ናያር ያን ቀን ቀስ ብለው፣ ጥርት አድርገው ነው የተናገሩት። እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ።